የዲቃላው ጉልበት ከየት መጣ?

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ተረቱ በአባቷ ባፈረችው በበቅሎ ይስቃል። ነገር ግን ዳገት የሚያስወጣት ጉልበት የእናቷ ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ነው። እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ስለ በቆሎ ለመጻፍ የተነሳነው ይህንኑ ይዘን ነው። ሳይንሱን ለባለቤቶቹ ትተን ማለፍ በቻልን ነበር፤ ዳሩ ግን የዘር ነገር የእንጀራ ነገር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቻርልስ ዳርዊን በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በራሱ ዱቄት የተዳቀለ ተክል ብዙ ጊዜ እንደሚቀጭጭ፣ ከሌላ የተዳቀለው ግን እንደሚበረታ አሳየ። በቆሎም ከሞከራቸው አንዱ ነበር። ጂን የሚባል ነገር ገና ስላልታወቀ ግን ምክንያቱን ከሥሩ ሊያስረዳ አልቻለም።

በ1908 አሜሪካዊው ጆርጅ ሻል በቆሎን በየትውልዱ ከራሱ ጋር እያዳቀለ አጭርና ደካማ ዘሮች አገኘ። ሁለቱን ደካሞች ቢያገናኛቸው ግን ልጁ ቁመተ ረጅምና ፍሬያማ ሆኖ ቁጭ አለ! ይህንንም በ1914 «ሄትሮሲስ» ብሎ ሰየመው። ችግሩ ደካማይቱ እናት ጥቂት ዘር ብቻ መስጠቷ ነበር። ዶናልድ ጆንስ በ1917 ገደማ አራት ዘሮችን በሁለት ዙር በማዳቀል መላ አበጀለት። ሄንሪ ዋላስ በ1926 የዲቃላ ዘር ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1933 ደግሞ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስትር ሆነ። በአዮዋ ክፍለ ሀገር በ1933 ከበቆሎው መሬት መቶኛው እንኳ ዲቃላ አልነበረም። ከአሥር ዓመት በኋላ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዲቃላ ሆነ።

ታዲያ ጉልበቱ ከየት ነው? ሁለት የቆዩ መልሶች አሉ። አንዱ፣ የአንዱ ወላጅ ጉድለት በሌላው ደህና ጂን ይሸፈናል ይላል። ሌላው፣ የተለያዩ ሁለት ቅጂዎች ሲገናኙ ከሁለቱም የሚበልጥ ኃይል ይወጣል ይላል። የኋላ ተመራማሪዎች ሦስተኛ ጥያቄ ጨመሩ፦ ጂኑ መኖሩ ብቻ ሳይሆን መናገሩስ? ጂን በአር.ኤን.ኤ. ካልተገለበጠ መጋዘን እንደተቆለፈበት እህል ነው። ቢ73 እና ሞ17 በሚባሉት የበቆሎ ዘሮች ልጆች ላይ ሲለካ፣ አብዛኞቹ ጂኖች የሚናገሩት በወላጆቻቸው መካከል ባለ መጠን ነው። ይሁንና በአንዱ ወላጅ ዝም ያሉ፣ በሌላው ግን የሚሠሩ ጂኖች አሉ። በዲቃላው ውስጥ እነዚህ በአብዛኛው ይሠራሉ። ስለዚህ ልጁ ከእናቱም ከአባቱም የበዙ የነቁ ጂኖች ይኖሩታል። ይህ የመጀመሪያውን መልስ ያጠናክራል እንጂ ክርክሩን አልዘጋውም።

ጉልበቱ ግን ዋጋ አለው። ገበሬው ከዲቃላው ፍሬ መልሶ ቢዘራ ጂኖቹ ይበታተናሉ፤ ማሳው ወጣ ገባ ይሆናል፤ ምርቱም ይቀንሳል። እናም ከጎተራው ሲዘራ የኖረ ሰው በየዓመቱ ዘር ገዢ ሆነ። ሌላም አለ። ወንዴውን አበባ በእጅ የመንቀሉን ድካም ለማስቀረት ኩባንያዎቹ አንድ ዓይነት ወንዴ መካን እናት በየቦታው ተጠቀሙ። በ1970 ይህቺኑ እናት የሚያጠቃ የቅጠል በሽታ ተነሳና ከአሜሪካ በቆሎ 15 በመቶ ያህሉን አጠፋ። አንድ ዓይነትነት አንድ በር ነው፤ እሱ ከተከፈተ ሁሉም ተከፈተ።

ነገሩ ለኛም ሩቅ አይደለም። በ1993 የተለቀቀው ቢ.ኤች.660 ስሙ ራሱ «የባኮ ዲቃላ» ማለት ነው። ምርት መጨመሩን አንክድም፤ የተራበ ሰው ዲቃላ አይንቅም። የምንለው ሌላ ነው። ከሞ17 የዘር ግንድ አንዱ የሚመዘዘው በፔንሲልቬኒያ ላንካስተር ገበሬዎች ከመረጡት በቆሎ ነው። ከዚያም በስተኋላ ሜክሲኮ ውስጥ ከዱር ሣር በቆሎን ያወጡ፣ ስማቸው ያልተጻፈ አራሾች አሉ። ዛሬ ከረጢቱ «አባትህ ማነው?» ቢባል «እናቴ ላቦራቶሪ ናት» ይላል። አባትየው ገበሬ እንደሆነ የምናስታውሰው እኛ ካልሆንን ማን ያስታውሰዋል?