የቀዳጁ ጃክ ማስታወሻ ነው ስለ ተባለው ደብተር

በ1888 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በለንደን ከተማ፥ ኋይትቻፕል በሚባለው የድኾች ሰፈር፥ በዐሥር ሳምንት ውስጥ አምስት ሴቶች በስለት ታርደው ተገኙ። ገዳዩ እስከ ዛሬ ድረስ ማን እንደ ሆነ አልታወቀም፤ የሚጠራውም ጋዜጦች ባሰራጩት ስም ጃክ ዘ ሪፐር፥ ማለት ቀዳጁ ጃክ፥ እየተባለ ነው።

ከዚህ በኋላ 104 ዓመት አልፎ፥ በ1992፥ ማይክል ባሬት የሚባል የሊቨርፑል ሰው አንድ አሮጌ ደብተር ይዞ ለንደን ከሚገኝ የመጻሕፍት ወኪል ዘንድ ቀረበ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተቆርጠው ወጥተዋል። በቀሩት ላይ ጸሐፊው ሴቶቹን እንዴት እንደ ገደለ ይተርክና በመጨረሻ በቀዳጁ ጃክ ስም ይፈርማል። ከሚያወሳውም ነገር በ1889 የሞተው የሊቨርፑሉ የጥጥ ነጋዴ ጄምስ ሜይብሪክ መሆኑ እንዲታወቅ አድርጎ ጽፎታል። መጽሐፉ በ1993 ታተመ።

በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንግዳ ወረቀት ሲቀርብለት፥ ምን ይላል ከማለቱ በፊት ከማን እጅ መጣ ብሎ ይጠይቃል። ባሬት በመጀመሪያ ከወዳጄ ተቀበልሁት አለ፤ ወዳጁ ግን በ1991 ሞቷል። በ1994 እኔው አስመስዬ የሠራሁት ነው ብሎ ተናገረ፤ ቃሉንም መልሶ ካደ። ሚስቱ በበኩሏ በቤተ ሰቦቼ ዘንድ የነበረ ነው አለች። ባሬት ወደ ለንደን ከመሄዱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ባዶ ገጾች ያሉት የዚያ ዘመን ደብተር በመጻሕፍት ነጋዴ በኩል ማፈላለጉ ኋላ ታውቋል። የተገኘለት የ1891 ነበረ፤ ሜይብሪክ ከሞተ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

የቀለሙ ምርመራ እርስ በርሱ ስለ ተቃረነ እንለፈው። የእጅ ጽሕፈቱ ግን ሜይብሪክ ከተወው ኑዛዜ ጋር አይመሳሰልም።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ አንዲት የክብሪት ሣጥን ናት። ከተገደሉት አንዷ ካትሪን ኤዶውስ ስትሞት የያዘችው ዕቃ በፖሊስ ተቈጥሮ ተመዝግቧል። በእንግሊዝኛ ቅጽል ከስም ይቀድማል፤ ዕቃ ቈጣሪው ግን የዕቃ ዝርዝር በሚጻፍበት ልማድ አስቀድሞ ቆርቆሮ የክብሪት ሣጥን ብሎ፥ ባዶ የሚለውን ቃል ከበስተኋላው አስከተለ። የደብተሩም ጸሐፊ ቃላቱን በዚያው ቅደም ተከተል አስፍሯቸዋል። ዝርዝሩ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው በ1987 ነው። ገዳዩ ሣጥኒቱን በዓይኑ አይቷት ይሆናል እንበል፤ የዕቃ ቈጣሪውን አጻጻፍ ግን ከወዴት አገኘው?

የደብተሩ ተከራካሪዎች ባሬት ይህን ያህል ለመጻፍ ዕውቀት አልነበረውም ይላሉ። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ባሬት አለመጻፉ ሜይብሪክ ለመጻፉ ምስክር አይሆንም። በእኔ አስተያየት ደብተሩ ከ1987 ወዲህ የተሠራ ነው፤ በመቃብር ያለውም ሰው መልስ ሊሰጥ በማይችልበት ክስ የአምስት ሴቶች ደም ተጭኖበታል።

በዚያ የፖሊስ ዝርዝር ላይ ከክብሪት ሣጥኒቱ ሌላ ሻይ፥ ስኳር፥ ቍርጥራጭ ሳሙና፥ አንድ ማንኪያና አንድ ማበጠሪያ ይገኛሉ። ካትሪን ኤዶውስ በዚያች ሌሊት ይዛው የነበረው ንብረት ይህን የመሰለ ነበረ።