የመዝገቡ ቅጂ የት ነው ያለው?

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም። ገማቹ ማሳውን አይቶ የሚሞላው ወረቀት ነገ በርስቱ ላይ የልኬት ገመድ (ቀላድ) ያስጥልበታል ብሎ ሰግቷል። ወረቀቱ የትም ይቀመጥ የት፣ እሱ ዘንድ ግን አይደርስም ነበር። ገበሬው አመፀ፤ አመፁ በጦር ኃይልና በአውሮፕላን ድብደባ ሊገታ ተሞክሮ፣ በመጨረሻ አገረ ገዥው ከሥልጣን ተነሣ፤ የተጠራቀመው ግብርም ተማረ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግም፣ የቀድሞ ሥርዓት ሹም ነበር በሚል «ቢሮክራሲ» ተብሎ ስሙ የተመዘገበ ሰው ከመሬቱ ተቀንሶ የተወሰደበት እንዲሁ በወረቀት ዝርዝር ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የተሰጠው አረንጓዴ ደብተር ይህን ለወጠ። የባልና የሚስት ፎቶ ተለጥፎበት፣ በአራቱ አቅጣጫ የአዋሳኞች ስም ተጽፎበት ለባለይዞታው ይሰጣል፤ መዝገቡ ደግሞ በወረዳው ይቀራል። ክርክር ሲነሣ ሁለቱ ይተያያሉ። እኔ የዚህን ምዝገባ ትልቁን ጥቅም የማየው እዚህ ላይ ነው፤ የሁለቱም ቅጂ ቦታ ይታወቃል።

መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግን ማንም ሳይፈርምበት ሦስተኛ ቅጂ ሊወለድ ይችላል። የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ አንድ የመሬት ባለሙያ የቢሮውን ፋይል በዋንድራይቭ፣ በጉግል ድራይቭ ወይም በድሮፕቦክስ ከግል አካውንቱ ጋር ቢያገናኝ፣ ሰነዱ ከወረዳው ውጪ ይቀመጣል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በየማሽኑ የትኛው ፕሮግራም እንዳለ የማወቅ ግዴታ አለበት እላለሁ።

«ይህ ስለላ ነው» የሚል ይኖራል። ታሪካችን ይህን ስጋት ከባድ ያደርገዋል፤ ከላይ የመጣ ቆጠራ እዚህ አገር ጥሩ ስም የለውም። ነገር ግን የተጫኑትንና የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ስም ዘርዝሮ ማየት የሠራተኛውን ፋይል ከፍቶ ማንበብ አይደለም። ለምን እንደሚታይ አስቀድሞ ይነገረው፣ ስለ ማሽኑ የተጻፈውንም ራሱ ይይ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ሰብሳቢውን ተጠያቂ ያደርገዋል። «መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ሠራተኛው ቅጂ ባይዝ ሥራው ይቆማል» የሚለው ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ስለዚህ የግል አካውንት መከልከል ብቻውን አይበቃም፣ ቢሮው የራሱን መጠባበቂያ ማዘጋጀት አለበት። የመቆራረጡ ጉዳይ ግን በሌላም በኩል ይመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት ሰዎች አንዱን የወሰን ሠንጠረዥ በየማሽናቸው ቢያርሙት፣ መስመሩ ሲመለስ ድሮፕቦክስ አንዱን በሌላ ስም አድርጎ ሁለቱንም ያስቀምጣል። የትኛው እርማት እንደሚጸና ለመወሰን የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ፕሮግራሙ በማን ማሽን ላይ ይሠራ እንደነበር ማወቅ አለበት።