ልጅና ትሪ፦ በገዳሪፍና በመተማ ጠረፍ የመስጠት ልማድ ታሪክ

ከመተማ ተሻግሮ በገላባትና በዶካ በኩል ገዳሪፍ የሚደርሰው መንገድ የሚያልፈው በክረምት እግርና ጎማ በሚይዝ፣ በበጋ ግን ተሰነጣጥቆ የውኃ ጠብታ በሚነፍግ የጥቁር አፈር ሜዳ ላይ በመሆኑ፣ መንገደኛን ማጠጣትና ማብላት በዚያ አገር ከአንድ ሰው ቸርነት አልፎ የኑሮ ሥርዓት ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ሥርዓት የተጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያወሳው ግን እንግዳ ተቀባዩን ሼክ፣ የሱፊ መሪውን ወይም የመንግሥቱን ሹም ሲሆን፣ ውኃውን ወደ ጋኑ ገልብጦ፣ ትሪውን ተሸክሞ፣ ንፍሮውን በየደጁ አድርሶ ስጦታውን ከሰጪው ወደ ተቀባዩ ያሸጋገረው ልጅ በታሪኩ ውስጥ አይነሣም። ልማዱን ከዚህ ከታናሹ ሠራተኛ በኩል የተመለከተ ሰው፣ በምሥራቅ ሱዳን ልግስና ለልጅ ከመነገሩ በፊት በሥራ መልክ ይሰጠው እንደነበር ይገነዘባል።

ገዳሪፍ ቀድሞ ሱቅ አቡ ሲን፣ ማለትም የአቡ ሲን ገበያ፣ ይባል የነበረ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው የሹክሪያ አረቦችን ይመራ ከነበረው የአቡ ሲን ቤተሰብ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1861 (ዘመኑ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የዓባይን ገባሮች እየመረመረ በአካባቢው ሲያልፍ ሽማግሌውን ሼክ አሕመድ አቡ ሲንን አግኝቶ ስለ እርሳቸው በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል፤ በተጓዦች መጻሕፍት እንደተለመደው የእንግዳ ተቀባይነቱ ክብር የሼኩ ብቻ ነው። ከቤከር ብዙ ቀደም ብለው ከዳርፉርና ከዚያም ባሻገር ካለው ምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ የወጡ፣ ተክሩር የሚባሉ ሰዎች በገላባት ሰፍረው ነበር። በ1928 የባቡር ሐዲዱ ከከሰላ ገዳሪፍ ሲደርስና በ1944 የቅኝ ግዛቱ መንግሥት በአካባቢው ማሽላ በትራክተር ማሳረስ ሲጀምር ደግሞ፣ ከጎንደር፣ ከቋራና ከአርማጭሆ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ የሚሻገረው የቀን ሠራተኛ በመንገዱ ላይ ታከለ። ሐጃጅ፣ ነጋዴ፣ አጫጅና ስደተኛ እየተፈራረቁ የሚያልፉበት አገር፣ የማያውቁትን ሰው ማስተናገድ የዘወትር ሥራው መሆኑ አይቀሬ ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለሕፃን የሚቀርበው ሰቢል ነው። ሰቢል ለአላፊ አግዳሚ በነፃ የሚቀመጥ የመጠጥ ውኃ ሲሆን፣ ዚር በሚባሉ የሸክላ ጋኖች ተሞልቶ በዛፍ ወይም ራኩባ በሚባል ዳስ ጥላ ሥር፣ በቤት፣ በመስጊድ ወይም በሱቅ ደጃፍ ይቆማል፤ ሸክላው ላብ እያወጣ ውኃውን ስለሚያቀዘቅዘው፣ በዚያ ሐሩር ከዚር የተቀዳ አንድ ጣሳ ውኃ ቀላል ስጦታ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሰቢል የሚቆመው ለሞተ ዘመድ ነፍስ ምጽዋት እንዲሆን ነው፤ ጋኑን ገዝቶ የሚያቆመው ትልቅ ሰው ቢሆንም፣ በየዕለቱ ከቤት እየቀዱ መሙላት እንደ ማንኛውም የደጅ ሥራ ለቤቱ ልጆች ይወርዳል። ገዳሪፍ ደግሞ የውኃ እጥረት የሚያስቸግራትና ውኃ በአህያ ጋሪ እየዞረ የሚሸጥባት ከተማ ናትና፣ ልጁ ወደ ዚሩ የሚገለብጠው ባልዲ ዋጋ የተከፈለበት መሆኑን ያውቃል። ጠጪው ግን ብዙ ጊዜ ልጁ በሌለበት ጠጥቶ የሚሄድ በመሆኑ፣ በሰቢል የሚማረው ምስጋና የማይከተለው ስጦታን ነው።

ሁለተኛው ከራማ ነው። በሱዳን ከራማ የሚባለው፣ በሽተኛ ሲድን፣ መንገደኛ በሰላም ሲመለስ፣ ሰው ከአደጋ ሲተርፍ ወይም ዝናብ ዘግይቶ ሰዉ ሲጨነቅ ለምስጋናና ለልመና የሚዘጋጅ ምግብ ሲሆን፣ ያለው በግ ያርዳል፣ የሌለው ደግሞ ባሊላ ይቀቅላል። ባሊላ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ምግብ አይደለም፤ ማሽላ ወይም ጥራጥሬ የተቀቀለበት ንፍሮ ነው። የባሊላ ከራማ ዋነኞቹ ተጋባዦች የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ተጠርተው በአንድ ትሪ ዙሪያ ተሰብስበው ይበላሉ፣ የሕፃን ጸሎት ይሰማል ተብሎ ስለሚታመንም ለባለቤቱ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ከዚያም የተረፈውን በሳሕን እየያዙ ለጎረቤት ያደርሳሉ። እንዲህ ሲሆን ልጁ ተቀባይም አድራሽም ነው፤ ቀምሶ ያወቀውን ነገር ለሌላው ያደርሳል። ከድንበሩ ወዲህ በጎንደር አገር የጸበል ጸዲቅ ቁራሽ ወደ ጎረቤት የሚሄደው በልጅ እጅ መሆኑ ሲታሰብ፣ ሃይማኖቱ ቢለያይም አሠራሩ የአንድ አገር ያህል ይቀራረባል።

ልጆች ለዚህ ሥራ የተመረጡበት ምክንያት መንፈሳዊ ብቻ አልነበረም። በሱዳን ቤት ምግቡ የሚበስለው ለባዕድ ወንድ በማይከፈተው የሴቶች ጓሮ ሲሆን፣ እንግዳው የሚቀመጠው ደግሞ በወንዶች ምንጣፍ ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ማንንም ሳያሳፍር የሚመላለሰው ልጅ ብቻ ነው። ይህ በተለይ በረመዳን ይታያል፤ የመንደሩ ወንዶች ፀሐይ ስትጠልቅ ከየቤታቸው ወጥተው መንገድ ዳር ምንጣፍ ዘርግተው በጋራ ያፈጥራሉ፣ አውራ ጎዳና አጠገብ ባሉ መንደሮችም ተሽከርካሪ አስቁመው መንገደኛውን ሁሉ ያስወርዳሉ። ገንፎና ወጥ የሞላው ትሪ፣ በበቀለ ማሽላ የሚዘጋጀው ሂሉ ሙር የሚባል መጠጥም ጭምር፣ ገና መጾም ያልጀመሩ ልጆች ሳይቀሩ እየተጋገዙ ከጓሮ ወደ ምንጣፉ የሚያወጡት ነው። እናቲቱ ያበሰለችው በአባትዬው ስም ሲመሰገን፣ በመካከላቸው የሚመላለሰው ልጅ የሁለቱንም ድካም ያያል፤ የልማዱ ጸሓፊዎች ይህን ምስክር ቢጠይቁት ኖሮ ስለ ሱዳን ልግስና የሚነበበው መጽሐፍ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ትሪ መሸከም ግን የራስን መስጠት አይደለም፤ የልማዱ ደካማ ጎንም እዚህ ላይ ነው። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ላራ አክኒን፣ ካይሊ ሃምሊንና ኤሊዛቤት ደን በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ብስኩት መሰል ምግብ ሲቀበሉና ለአሻንጉሊት ሲሰጡ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ደስታ መዝነው፣ ሕፃናቱ ከመቀበል ይልቅ ሲሰጡ፣ ከተዘጋጀላቸው ከመስጠት ይልቅም ከራሳቸው ድርሻ ሲሰጡ ይበልጥ ደስ እንደሚላቸው አሳይተዋል። ቤይሊ ሃውስና ባልደረቦቹ በስድስት የተለያዩ ማኅበረሰቦች አድርገው በ2013 ያወጡት ጥናት በበኩሉ፣ ራስን በሚያስከፍል ስጦታ ረገድ ልጆች በሕፃንነታቸው ተቀራራቢ እንደሆኑ፣ ከፍ ሲሉ ግን እያንዳንዳቸው የየአገራቸውን ትልልቅ ሰዎች ልማድ እየመሰሉ እንደሚለያዩ አመልክቷል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ፣ የመስጠት ደስታ ቀድሞ ያለ፣ ልኩና መንገዱ ግን ከአገሩ የሚገኝ ነው ወደሚል ሐሳብ ያመራሉ።

የራስን ድርሻ መካፈልን የምሥራቅ ሱዳን ልጅ የሚማርበት ስፍራ ይልቁንም ኸልዋ ነበር። ኸልዋ ልጆች ሎሕ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ቁርኣን የሚያጠኑበት፣ ከሩቅ የመጡትም የሚያድሩበት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በከሰላ ግዛት ሼክ ዓሊ ቤታይ በቤጃዎች መካከል ያቋቋሙት የሐመሽኮሬብ ኸልዋ በምሥራቁ እጅግ የታወቀው ነው። በኸልዋ የመንደሩ ሰው የላከው ምግብ በአንድ ትሪ ይቀርባል፣ ለሌሊቱ ጥናት ብርሃን የሚሰጠውን እሳት እንጨት ተማሪዎቹ አብረው ይለቅማሉ፣ አንድ ልጅ የቁርኣን ክፍል ሲጨርስ ሰሌዳው በቀለም ተጊጦ ቤተሰቡ ለጓደኞቹ ሁሉ ድግስ ያደርጋል። ከጎንደር የአብነት ተማሪ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው፤ የቆሎ ተማሪውም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የለመነውን ወደ ጎጆው አምጥቶ ከባልንጀራው ጋር ይበላል፣ ቁራሹን የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ ከእርሱ የሚያንስ የቤቱ ልጅ ነው። እርግጥ ነው፣ በሁለቱም በኩል የሰው እጅ ጠብቆ መኖሩ ሕፃናትን ለብርድ፣ ለውሻና ለረኀብ ያጋለጠበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ሥርዓቱን የሚያወድስ ጽሑፍ ይህን ሊሸፍን አይገባም።

ልማዱ የተፈተነው በረኀብና በጦርነት ዘመን ነው። በ1889 አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ፣ ሱዳኖች በሒጅራ አቆጣጠር 1306ን ይዘው «ሰነት ሲታ»፣ የስድስቱ ዓመት፣ የሚሉት ረኀብ በዚያ በኩል፣ ኢትዮጵያውያን ክፉ ቀን የሚሉት ደግሞ በዚህ በኩል ገብቶ ስለነበር፣ ከወዲያም ከወዲህም የሚላክ ትሪ አልነበረም። በ1984ና በ1985ም ከትግራይና ከጎንደር የተሰደደው ሕዝብ በኡም ራኩባ፣ በወድ ኮውሊና በሌሎች ጣቢያዎች ሲሰፍር፣ ከመካከላቸውም ቤተ እስራኤላውያን በሺዎች ተቆጥረው በበሽታና በረኀብ ሲያልቁ፣ ሱዳን ራሷ በድርቅ ውስጥ ነበረች። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ምክንያት የተከዜን ወንዝ ተሻግረው ሐምዳየት የደረሱትን ግን፣ የእርዳታ ድርጅቶች ሳይደራጁ የተቀበላቸው የድንበሩ መንደርተኛ ነበር፤ ከዚያ ብዙዎቹ ወደ ኡም ራኩባና በጥር 2021 ወደተከፈተው ቱናይድባ ተወሰዱ።

በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ ጉዞው ዞሯል። ከካርቱም፣ ከገዚራና ከሲንጃ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በገዳሪፍ ትምህርት ቤቶች ተጠልለዋል፣ ሌሎችም በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረዋል። በሱዳን ከተሞች ተካያ የሚባሉት፣ መነሻቸው የሱፊዎች የጋራ ማዕድ የሆነ ነፃ ማብሰያዎች በሰፈር ወጣቶች ተደራጅተው ሲያበስሉ፣ ድስት ይዞ ተሰልፎ ድርሻ ወደ ቤተሰቡ የሚያደርሰው እንደ ቀድሞው ልጅ ነው። አብዛኛው የሱዳን ሙስሊም የሚከተለው የማሊኪ የእስልምና ሕግ መዝሀብ የፊጥር ዘካን፣ ይኸውም ከዒድ ሶላት በፊት ለድሃ የሚሰጠውን በየነፍስ ወከፍ አንድ ሳዕ፣ ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚጠጋ እህል፣ ለጡት ልጅ ሳይቀር ግዴታ ያደርገዋል፤ ግዴታውም የዕለቱን ቀለብ አስቀርቶ አንድ ሳዕ የተረፈውን ሁሉ፣ ድሃ እንኳ ቢሆን፣ ይይዛል። ስለዚህ በገዳሪፍ ትምህርት ቤት ውስጥ የተጠለለ፣ ከዒዱ ቀለብ የሚተርፍ ማሽላ የያዘ አባት፣ በመንገድ ላይ ስለተወለደችው ልጁም አንድ ሳዕ ሰፍሮ፣ ከእርሱ የባሰ ወደ ደረሰበት ቤተሰብ በታላቅ ወንድሟ እጅ ይልካል።