«ዘይት መቀየር»፦ የሞተር ብስክሌት ሙያ ቃላት ታሪክ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው

አንድ ሕዝብ አዲስ መሣሪያ ሲቀበል ከመሣሪያው ጋር ስሙን፣ ከስሙም ጋር የመጣበትን ዘመን ታሪክ ይቀበላል። ይህ ሐቅ ጎልቶ ከሚታይባቸው የሥራ መስኮች አንዱ የመካኒክ ሙያ ነው። ይህ ጽሑፍ አንዲት ትንሽ ሥራን፣ ማለትም ረጅም መንገድ የሚጓዝበትን ሞተር ብስክሌት ዘይት በቤት ደጃፍ መቀየርን፣ መነሻ በማድረግ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ለዚሁ ሥራ የሚያገለግሉትን ቃላት አመጣጥ ይመረምራል፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ተርጓሚዎች ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ሦስት ነጥቦችንም ያመለክታል።

ከቃላቱ ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ «ዘይት» ነው። ቃሉ በግእዝ የወይራን ፍሬና ቅባቱን ሲያመለክት የኖረ፣ ከዐረብኛው «ዘይት» እና ከዕብራይስጡ «ዛይት» ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። በዐቢይ ጾም እኩሌታ የሚውለው የደብረ ዘይት በዓል ስያሜም ከዚሁ የተገኘ ነው። ኑግ በሰፊው በሚመረትበት በጎጃም ሕዝቡ ቅባ ኑግን ከሞተር መምጣት አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ሞተር ሲመጣም ለብረት ማለስለሻው የተለየ ስም መፈለግ አላስፈለገም፤ የምግቡ ስም ወደ ብረቱ ተሸጋገረ። የሞተሩን ክፍሎች ስም ያዋሰን ጣሊያንኛ ለዘይቱ «ኦሊዮ» የሚል ቃል ቢኖረውም «ዘይት» ስፍራውን አልለቀቀም። ከዚህ የምንረዳው ቋንቋ የሚዋሰው ከሁሉ አስቀድሞ የጎደለውን እንጂ ያለውን አለመሆኑን ነው።

ሁለተኛው ንብርብር የጣሊያንኛ ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ሮም ላይ የታተመው የኢኛሲዮ ጉይዲ የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ከዚህ የቀደመ ስለሆነ የሞተርን ሙያ ቃላት ከእርሱ መጠበቅ አይቻልም። የጋራዡ አማርኛ የተስፋፋው በተለይ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመንና ከእርሱም በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ወራሪውም ኃይል ተሸነፈ፤ መኪናዎቹና በአገሪቱ የቀሩት ጣሊያናውያን መካኒኮች ግን ሙያውን ከነቃላቱ አስተማሩ። ስለዚህ ወራሪውን የተዋጋው ትውልድ ልጆች መፍቻ ይዘው በጠላት ቋንቋ «ካንዴላ»፣ «ካቴና»፣ «ፊልትሮ»፣ «ዳዶ»፣ «ሮንዴላ»፣ «ማርሚታ» አሉ። ይህን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ ቢኖሩ ቃላቱ አሁን የማን እንደሆኑ ድምፃቸውን ማድመጥ ይበቃል። «ሴርባቶዮ» «ሰልባትዮ» ሆኗል፤ «ፍሬኖ» መጨረሻውን ጥሎ «ፍሬን» ሆኗል፤ «ፍሪጽዮኔ» «ፍሪሲዮን» ተብሏል፤ «ካቻቪቴ» በብዙዎች አፍ «ካቻቢቴ» ነው። ሁሉም በአማርኛ ሕግ ይረባሉ፤ «ዳዶዎቹ»፣ «ፍሪሲዮኑ» ይባላሉና።

ሦስተኛው የራስ ፈጠራ ነው። ከሁሉ የሚደንቀው «መፍቻ» ነው። «ፈታ» ከሚለው ግስ በመሣሪያ ስም አወጣጥ ደንብ የተገኘው ይህ ቃል የመሣሪያውን ግማሽ ሥራ ብቻ ይናገራል፤ በመፍቻ ብሎን ይፈታል፣ በመፍቻም ይጠብቃል። ሆኖም «መፍቻና ማጥበቂያ» ብሎ ያረዘመው የለም። ሙያተኛ ስም ሲያወጣ ለትርጓሜ ምሉዕነት ሳይሆን በሥራ ላይ ለሚያስፈልገው ፍጥነት ነው፤ የአዳዲስ ስያሜዎች አውጪዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

እነዚህ ሦስት ንብርብሮች በአንድ የሥራ ቅደም ተከተል ውስጥ እንዴት እንደሚሰናሰሉ እንመልከት። ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ይሞቃል፣ ዘይቱ እንዲቀጥን ነው። ብስክሌቱ በደልዳላ ስፍራ ይቆማል፤ ከሥሩ ሳህን ይቀመጣል፤ የማፍሰሻው ብሎን በመፍቻ ይፈታል። አሮጌው ዘይት ተንጠፍጥፎ ካለቀ በኋላ ፊልትሮው ይለወጣል፤ ብሎኑ በአዲስ ሮንዴላ ይጠብቃል፤ አዲሱ ዘይት በልኩ ይሞላል፤ በመጨረሻም መጠኑ ይታያል። ግሶቹ በሙሉ አማርኛ፣ ስሞቹ ግን ድብልቅ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ጥንቃቄዎቹ እንለፍ። የመጀመሪያው «ሞተር» የሚለው ቃል ነው። «መኪና» በመጀመሪያ ማናቸውንም ማሽን ያመለክት እንደነበር «የስፌት መኪና» ይመሰክራል፤ በኋላ ግን ፍችው ጠብቦ ለተሽከርካሪው ቀረ። «ሞተር»ም በዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ በአንድ በኩል ኃይል አመንጪውን ክፍል፣ በሌላ በኩል ሞተር ብስክሌቱን ራሱን ያመለክታል። ስለዚህ «የሞተር ዘይት» ሁለት ፍች አለው። ይህ የፍች መደራረብ ጉዳት ያስከትላል። ባለ ማርሽ መኪና ለካምቢዮው የተለየ ዘይት ሲኖረው፣ በአብዛኞቹ ባለ ማርሽ ሞተር ብስክሌቶች ግን አንዱ ዘይት ፒስቶኑን፣ ማርሹንና ፍሪሲዮኑን በአንድነት ያለሰልሳል። ሰበቃን ለመቀነስ የተቀመመ የመኪና ዘይት ቢጨመርበት ፍሪሲዮኑ ሊንሸራተት ይችላል። የጃፓን የአውቶሞቢል ደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ለባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌቶች የተለየ የዘይት ደረጃ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ገዢው «የሞተር ዘይት» ብሎ ጠይቆ ሻጩ በሌላው ፍች ቢሰጠው ሁለቱም አማርኛ አልተሳሳቱም፤ የሚጎዳው ግን መንገደኛው ነው። «የሞተር ብስክሌት ዘይት» የሚለው ርዝመቱ ቢከብድም በጽሑፍ ሊጸና ይገባል።

ሁለተኛው በዘይቱ ዕቃ ላይ የሚታየው «20 ደብልዩ 50» የመሰለው ምልክት ነው። ፊደሉ በእንግሊዝኛ የብርድ ወራትን ስም የሚያመለክት ሲሆን፣ በፊቱ ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ጠባይ ይናገራል። ቃሉን በቀጥታ «ክረምት» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ወደ ሌላ ወቅት ይወስደዋል። የእኛ ክረምት የዝናብ ወቅት ነው፤ በጎጃም ደጋ የሌሊቱ ብርድ የሚጠናው፣ ውርጭም የሚወርደው በበጋው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ ነው። ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ማለዳ የተነሣ ሞተረኛ በዚያው ቀን ከደጀን በታች ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ዓባይ በረሃ ሙቀት ይገባል። ለእርሱ የሚበጀው ትርጉም «በብርድ» እና «በሙቀት» የሚለው ብቻ ነው። ተርጓሚ የወቅትን ስም ከማስተላለፉ በፊት የወቅቱን ጠባይ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው ከሞተር የወጣው ዘይት ስም ነው። ሕዝቡ «የተቃጠለ ዘይት» ይለዋል። አንዳንድ ተርጓሚ፣ ዘይቱ በእርግጥ አልነደደም በሚል፣ «ያገለገለ ዘይት» ማለትን ይመርጥ ይሆናል። ነገር ግን በገበያ አማርኛ «ያገለገለ መኪና» ማለት ገና ሊያገለግል የሚችል፣ የሚሸጥና የሚገዛ ማለት ነው። «የተቃጠለ» ግን ወደ ሞተር እንዳይመለስ ይከለክላል። የአጥር እንጨት ከምስጥ ለመከላከል የሚቀባውም በዚሁ ስሙ ይታወቃል። ስሙ መሬት ላይና ምንጭ አጠገብ እንዳይደፋም ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ ይመቻል። ስለዚህ በኬሚስት ዓይን ጉድለት የሚመስለው ቃል በተጠቃሚው ዘንድ ትክክለኛው ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው በጸሐፊው አስተያየት የሚከተለው መደምደሚያ ይገኛል። የጋራዡ ቃላት የውሰት በመሆናቸው ብቻ ሊሻሩ አይገባም፤ ከ80 ዓመት በላይ ያገለገለው «ፍሪሲዮን» ዛሬ የአማርኛ ቃል ነው። የአካዳሚ ጥረት ሊውል የሚገባው የሌለውን በመሰየምና የተደራረበውን በመለየት ላይ ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጁም «ሞተር» የሚለውን በሁለት ፍች ለይቶ ቢያሰፍር፣ ጥቅሙ ከመዝገቡ ገጽ አልፎ ቁልቁለት ለሚወርደው ሞተረኛ ይደርሳል።