ከመርሐ ቤቴና ከመንዝ ወደ አዲስ አበባ፦ የሁለት ደራስያን የወጣትነት መንገድ



የዛሬው ንግግሬ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ወጥተው በዋና ከተማዪቱ ውስጥ ለደራሲነት ስለበቁ ሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ሁለተኛው በ1909 ዓ.ም. በመንዝ ግሼ ግርም ገብርኤል የተወለዱት ከበደ ሚካኤል ናቸው። ሁለቱን የምናውቃቸው በመጻሕፍቶቻቸው ነው። እኔ ግን ዛሬ ከመጻሕፍቱ በፊት ስለነበረው ዘመን እጠይቃለሁ፤ ከተማው ለእነዚህ ወጣቶች ምን ሰጣቸው? በምላሹስ ምን ጠየቃቸው?

አስቀድመን የተነሡበትን አገር እንመልከት። መርሐ ቤቴ በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች የተከበበ አገር ነው፤ ወደ ከተማ ለመሄድ ገደል መውረድና ወንዝ መሻገር ግድ ይላል። መንዝ ደግሞ ብርዳም የገብስና የበግ አገር ነው፤ ሕዝቡ ከበግ ጠጕር የሚሠራውን ባና ለብሶ ቁርን ይመክታል። በሁለቱም ዘንድ ርስት በየትውልዱ እየተከፋፈለ ስለሚሄድ፣ ለብዙ ልጆች የአባት መሬት ብቻውን የሕይወት ዋስትና አልነበረም። ከእርሻው ውጭ የነበሩት መንገዶች ሁለት ነበሩ፤ ወታደርነትና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት። ጸሐፊ የሚወጣው ከሁለተኛው መንገድ ነበር። ይህም መንገድ በተግባር ለወንዶች ልጆች ብቻ የተከፈተ መሆኑን መዘንጋት አይገባንም። በዚያው ዘመን በዚያው መንደር የተወለደች ብሩህ አእምሮ ያላት ልጅ ፊደል የምትቆጥርበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነበር። ስለዚህ የሁለቱን ሰዎች ታሪክ ስንናገር ያልተጻፈውን የእኅቶቻቸውን ታሪክም በልባችን ይዘን ነው።

ኅሩይ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው አዲስ አበባ ተቈረቈረች። ከተማዪቱና ጸሐፊው አብረው አደጉ ብንል ከእውነት አንርቅም። ወጣቱ ወደ እንጦጦ ራጕኤል ሲመጡ ዋና ከተማ የሚባለው ገና ድንኳንና ጎጆ የበዛበት ሰፈር ነበር፤ ዘመናዊ ትምህርት ቤትም አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እርሳቸው 30 ዓመት በሞላቸው ጊዜ ነው። ስለዚህ ኅሩይ ከከተማው አዲስ ትምህርት ከማግኘታቸው በፊት ከደጋው ይዘውት የመጡትን ዕውቀት ለከተማው አበረከቱ። ግዕዝ የሚያውቅ፣ ቅኔ የገባው፣ እጁም ለጽሕፈት የቀና ሰው ለቤተ መንግሥቱ አስፈላጊ ነበር። እያደገ የሄደው የመንግሥት ሥራ ደብዳቤና መዝገብ ይፈልግ ነበርና፣ የደብተራው ብርዕ የጽሕፈት ቤቱ ብርዕ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የኅሩይ ትምህርት ቤት ሹመቱና ጕዞው ነው። በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ከሄደው ልዑክ ጋር ተጓዙ። በሚቀጥለው ዓመት በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ። ይህ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በቸልታ ይታለፋል። እኔ ግን የጸሐፊውን ጕልምስና የሚያሳይ ምልክት አድርጌ አየዋለሁ። ዓለምን አይቶ የተመለሰ ወጣት አስቀድሞ ያደረገው የራሱን አገር የመጻሕፍት ሀብት መቍጠር ነው። በ1918 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ቅኔ»ም ከዚሁ ሐሳብ የመነጨ ነው። በቃል ይወርድ የነበረውን የሊቃውንት ቅኔ ወደ ማተሚያ ቤት አሻገሩት።

በ1925 ዓ.ም. የታተመው ልብ ወለዳቸው «አዲስ ዓለም» ለዛሬው ጥያቄያችን በተለይ የቀረበ ነው። ባለታሪኩ አወቀ የተጉለት ልጅ ነው። ወደ ፓሪስ ሄዶ ስምንት ዓመት ይማራል፤ ከዚያም ወደ ተወለደበት አገር ይመለሳል። ሲመለስ ከዘመዶቹ ጋር የሚያጋጨው ነገር ረቂቅ ፍልስፍና አይደለም፤ የተዝካር ወጪ፣ የጋብቻ ሥርዓት፣ የዕለት ተዕለት ልማድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ደራሲው ራሳቸው ኑሯቸውን በከተማ መሥርተው ቀሩ፤ የፈጠሩትን ወጣት ግን ወደ ደጋው መለሱት። በሕይወት ያልሆነውን መመለስ በልብ ወለድ ፈጸሙት። የአወቀ ችግር የራሳቸው ትውልድ ዕዳ ነበር፤ የተማረ ሰው ለአስተማረው መንደር ምን ይመልሳል የሚል ዕዳ።

1928 ዓ.ም. የሁለቱን ሰዎች ታሪክ የሚለያይም የሚያገናኝም ዓመት ነው። በሚያዝያ ወር የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። ከልጆቻቸው አንዱ ፈቃደ ሥላሴም በወረራው ዘመን በጠላት እጅ ተገደሉ። በዚያው 1928 ዓ.ም. ከበደ ሚካኤል ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበሩ።

ከበደ ወደ ከተማ የገቡበት በር ሌላ ነበር። ፊደልን ከቤተ ክርስቲያን ተማሩ፤ በአዲስ አበባ ግን የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤቶች ነበሩላቸው። ጦርነቱ መደበኛ ትምህርታቸውን ሲያቋርጠው ትምህርቱን በንባብ ቀጠሉ። የተማረው ወጣት በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ እየታደነ በሚያልቅበት ከተማ ውስጥ ማንበብ ተራ ነገር አልነበረም። በኋላ የላፎንቴንን ተረቶች የመሰሉ ምሳሌዎች በአማርኛ ግጥም ሲቀርቡ፣ የሼክስፒር «ሮሜዎና ዡልዬት»ም ሲተረጐም የዚያ ዘመን ንባብ ፍሬ ታየ። «ዡልዬት» በሚለው አጠራር ውስጥ እንኳ የፈረንሳይኛው በር ይሰማል። የቤት አመታቱ፣ የምሳሌው አነጋገርና የምክሩ ቃና ግን የደጋው ነው።

ሁለቱ ደራስያን በአንድ ርእስ ላይ ተገናኝተዋል፤ እርሱም ጃፓን ነው። ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. አገሩን በዓይናቸው አይተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። ከበደ በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን አወጡ። ርእሶቹን ብቻ ብናስተያይ የዘመኑን ለውጥ እናያለን። የመጀመሪያው አድናቆት ነው፤ ሁለተኛው «እንደምን» የሚል ጥያቄ። በመካከላቸው የወደቀች ከተማና የተሰበረ ትውልድ አለ።

ወደ መነሻ ጥያቄዬ ልመለስ። ከተማው ማተሚያ ቤትን፣ የውጭ ቋንቋንና ሹመትን ሰጣቸው። በምላሹ ብርዓቸውን ለመንግሥት እንዲያውሉ ጠየቀ። ሁለቱም ባለ ሥልጣን ነበሩ፤ ሁለቱም ዘውዱን አወድሰው ጽፈዋል። አንዳንድ ሐያስያን ይህን የግል ድካም አድርገው ያዩታል። እኔ ግን በመጽሐፍ ሽያጭ የሚኖር ደራሲን ሊሸከም የሚችል አንባቢ ባልነበረበት አገር ሌላ ምን መተዳደሪያ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። ኅሩይ «ጎሐ ጽባሕ» የተባለ የራሳቸውን ማተሚያ ቤት ማቋቋማቸው ጥያቄው ለእርሳቸውም እንግዳ እንዳልነበረ ያመለክታል። ይህ ማለት ግን የከፈሉት ዋጋ ቀላል ነበር ማለት አይደለም። በመንግሥት ጠረጴዛ ላይ ያደገ ብርዕ መንግሥትን ለመመርመር ይቸግረዋል፤ የ«አዲስ ዓለም» ተግሣጽም ከዙፋኑ ይልቅ ወደ ልማድና ወደ ካህናት ያዘነበለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከራቤል አካባቢ የመጣችሁ ትኖራላችሁ። የጀማ ሸለቆ ዛሬ በመኪና ይታለፋል፤ ሴት ልጅም በዚህ አዳራሽ ተቀምጣለች። የአወቀ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ከደጋው የተቀበላችሁትን ቃል ከተማው ለምን ዓላማ እንዲጠቀምበት ትፈቅዳላችሁ? መልሱ በሁለቱ ደራስያን መጻሕፍት ውስጥ ተጠናቅቆ አይገኝም፤ ጥያቄው ግን እዚያ በሚገባ ተጽፏል፤ አንብቡት።