የኢትዮጵያ ጥንታዊ ዐለቶች ዕድሜና የአኅጉር ቅርፊት አፈጣጠር

በአዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው መርካቶ፣ የዕድሜ ልዩነታቸው እጅግ ሰፊ የሆነ ሁለት የምድር ውጤቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንደኛው በአሮጌ ግንቦች ላይ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ፣ ሌላው በወርቅ ቤቶች መስኮት የተደረደረው ጌጥ ነው። የከተማዋና የአካባቢዋ ዐለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ሲሆን፣ ዕድሜው ከጥቂት ሚሊዮን እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይደርሳል። በሱቆቹ የሚሸጠው ጌጥ ከውጭ የገባ ወይም ደጋግሞ የቀለጠ ሊሆን ይችላል፤ በሀገር ውስጥ የሚቆፈረው ወርቅ በዋናነት የሚገኝባቸው የአዶላ፣ የወለጋ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝና የትግራይ ዐለቶች ግን በአብዛኛው ከ500 እስከ 850 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ሸማቹ የሚጠይቀው ካራቱን ነው። ወርቅ ፈላጊው የሥነ ምድር ባለሙያ ግን የዐለቱን ዕድሜ ሳያውቅ ሩቅ አይሄድም።

የዐለት ዕድሜ የሚለካው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች በማይለዋወጥ ፍጥነት ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚለወጡ በመሆናቸው ነው። ለጥንታዊ ዐለቶች ይበልጥ አስተማማኝ የሆነው መንገድ፣ ዚርኮን በተባለው ጠንካራ ማዕድን ውስጥ ምን ያህል ዩራኒየም ወደ እርሳስ እንደተለወጠ መለካት ነው። ዚርኮን ከቀለጠ ዐለት ሲፈጠር ዩራኒየምን ይቀበላል፤ እርሳስን ግን ከሞላ ጎደል አያስገባም። በመሆኑም ዛሬ በውስጡ የሚገኘው እርሳስ ባመዛኙ ከዩራኒየሙ የተገኘ ነው። ዩራኒየም 238 በ4.47 ቢሊዮን ዓመት፣ ዩራኒየም 235 ደግሞ በ704 ሚሊዮን ዓመት መጠናቸው በግማሽ ይቀንሳል። 800 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው ዚርኮን ውስጥ ከመጀመሪያው 12 በመቶ ያህሉ፣ ከሁለተኛው 54 በመቶ ያህሉ ተለውጧል። ሁለቱ ስሌቶች አንድ ዕድሜ ከሰጡ ውጤቱ ይታመናል፤ ካልተስማሙ ማዕድኑ ከተፈጠረ በኋላ በሙቀት ወይም በፈሳሽ ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

ለእሳተ ገሞራ ዐለቶች በፖታሲየምና በአርጎን የሚደረገው ልኬት የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳላት የታወቀውም በአካባቢው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ በዚሁ መርሕ ተመርምሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሥነ ምድር ባለሙያው ካዝሚንና ባልደረቦቹ የሀገሪቱን መሠረታዊ ዐለቶች ሲመድቡ፣ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት የተለወጡትን ናይስ የተባሉ ዐለቶች ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ባበቃው በአርኪያን ዘመን ውስጥ አስቀምጠዋቸው ነበር። በወቅቱ የነበረው ልኬት ጥቂት በመሆኑ ምደባው በዐለቶቹ መልክና አደራረብ ላይ የተመሠረተ ነበር። መልክ ግን ያታልላል፤ የተጣጠፈና የተጨመደደ ዐለት ሁሉ አሮጌ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ምዕራብ፣ በ1998 ስለ ደቡብና ምሥራቅ ኢትዮጵያ ለኅትመት የበቁ የዕድሜ ጥናቶች፣ ከተመረመሩት ዐለቶች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ1 ቢሊዮን ዓመት በታች መሆኑን አሳይተዋል።

ይህ ውጤት የአፈጣጠሩን ታሪክ ለውጦታል። ብዙው የደቡብ፣ የምዕራብና የሰሜን ኢትዮጵያ ቅርፊት የጥንት አኅጉር ቁራጭ ሳይሆን፣ ሞዛምቢክ ውቅያኖስ ተብሎ የሚጠራው ባሕር ሲዘጋ በእሳተ ገሞራ ደሴቶች መልክ ከምድር ውስጠኛው ክፍል አዲስ የወጣና በኋላ ተጋጭቶ የተጣበቀ ነው። ወርቁም በአብዛኛው የተከማቸው በእነዚሁ የግጭት መስመሮች በተንቀሳቀሰ ትኩስ ፈሳሽ ነው።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሁኔታው ይለያል። በዚያ የሚገኙ አንዳንድ ዐለቶች ከራሳቸው የሚበልጥ፣ ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ዚርኮን ይዘዋል፤ ይህም አዲሱ ቅልጥ ዐለት አሮጌ ቅርፊት አቋርጦ ለመውጣቱ ማስረጃ ነው። ልጅ ከአያቱ የወረሰውን ቀለበት እንደሚያደርግ ያለ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ የተገኘው፣ በምድር ላይ እስካሁን ከተለኩት ሁሉ ቀዳሚ የሆነው የ4.4 ቢሊዮን ዓመት ዚርኮንም ከራሱ በዕድሜ በሚያንስ ደለላዊ ዐለት ውስጥ ነው የተገኘው። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች በሳማሪየምና በኒዮዲሚየም ልኬት ሌላ ጥያቄ ይጨምራሉ፤ ዐለቱ መቼ ጠነከረ ብቻ ሳይሆን፣ ጥሬ ነገሩ ከውስጠኛው ምድር መቼ ተለየ የሚለውን።

ከኢትዮጵያ የሚነሳው ይህ የዐለት ቀጣና በኤርትራ፣ በሱዳንና በግብፅ አልፎ እስከ ሳዑዲ ዓረቢያ ይዘልቃል። ቀይ ባሕር ለሁለት የከፈለው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ብቻ በመሆኑ፣ በአንዱ ዳርቻ የወርቅ ክምችት የተገኘበት የዐለት ዕድሜና ዓይነት በሌላው ዳርቻ ለሚደረገው ፍለጋ ጠቋሚ ሆኖ ያገለግላል።