አንዱን ፕሪንተር ለመላው ቢሮ

በበርካታ አነስተኛ ቢሮዎች ፕሪንተሩ የሚቀመጠው ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ አጠገብ ነው፡፡ በዩኤስቢ ገመድ የተገናኘው ከእርሷ ኮምፒዩተር ጋር ብቻ በመሆኑም ሌላው ሠራተኛ ደብዳቤውን በፍላሽ ይዞ ይመጣና ጸሐፊዋን ከሥራዋ አስነስቶ ያትማል፡፡ ለአነስተኛ ድርጅቶች ኔትወርክ በመዘርጋት ሥራ ላይ ለዓመታት እንደመቆየቴ፣ ይህ አሠራር ከሚመስለው በላይ ዋጋ እንደሚያስከፍል ደጋግሜ ተመልክቻለሁ፡፡ በአንዱ ኮምፒዩተር የገባ ቫይረስ በዚያው ፍላሽ ቢሮውን በሙሉ ያዳርሳል፡፡ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤም ፎንቱ ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ይሆናል፡፡ ሰነዱ ከተጻፈበት ኮምፒዩተር በቀጥታ ቢታተም ኖሮ ሁለቱም ችግሮች ባልተፈጠሩ ነበር፡፡

ብዙዎች የሚወስዱት የመጀመሪያ መፍትሔ ያንኑ ፕሪንተር በጸሐፊዋ ኮምፒዩተር በኩል «ሼር» ማድረግ ነው፡፡ በዊንዶውስ የፕሪንተሩን ፕሮፐርቲስ ከፍቶ ሼሪንግ የሚለውን ማብራት ብቻ ስለሚጠይቅ ቀላል ነው፣ ወጪም የለውም፡፡ ነገር ግን ጸሐፊዋ የዓመት ፈቃድ በወጣች ዕለት ወይም ኮምፒዩተሯን ዘግታ ለምሳ በሄደች ሰዓት ቢሮው ማተም ያቆማል፡፡ ሌላም ችግር አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 «ፕሪንት ናይትሜር» የተሰኘ አደገኛ የደኅንነት ክፍተት በዊንዶውስ የኅትመት አገልግሎት ላይ ይፋ ከሆነ በኋላ ማይክሮሶፍት ተከታታይ ማሻሻያዎችን አውጥቷል፡፡ በሴፕቴምበር 2021 የወጣው ማሻሻያ ሲጫን በብዙ ቦታ ለዓመታት ያለ ችግር ሲሠራ የኖረ ሼር የተደረገ ፕሪንተር መጨረሻው «11ቢ» የሆነ የስህተት ቁጥር እያሳየ እምቢ አለ፡፡ በየኢንተርኔቱ የሚመከረው ፈውስ ሬጂስትሪ ውስጥ ገብቶ አዲሱን ጥበቃ ማጥፋት ነው፡፡ ፕሪንተሩ ያትማል፤ ይሁን እንጂ የተደፈነውን ቀዳዳ መልሶ መክፈት በመሆኑ እኔ አልመክረውም፡፡

የተሻለው መንገድ ፕሪንተሩ የማንም ኮምፒዩተር ጥገኛ ሳይሆን ራሱን ችሎ ወደ ኔትወርኩ እንዲገባ ማድረግ ነው፡፡ ለዚህም ከጀርባው የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ያለው ወይም ዋይፋይ የሚቀበል መሆን አለበት፡፡ ሊገዙ ከሆነ የሞዴሉን ስም መጨረሻ ይመልከቱ፡፡ በኤችፒ ሌዘርጄት ፕሪንተሮች ብዙውን ጊዜ «ኤን» የኔትወርክ መሰኪያ፣ «ደብሊው» ዋይፋይ፣ «ዲ» ደግሞ በሁለቱም ገጽ ማተምን ያመለክታሉ፡፡ ከዋይፋይና ከገመድ የቱ ይሻላል ብለው ቢጠይቁኝ ሳላመነታ ገመድ እላለሁ፡፡ የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ከ5 ሜትር በላይ እንዲረዝም አይመከርም፤ የኔትወርክ ገመድ ግን እስከ 100 ሜትር ስለሚደርስ ፕሪንተሩን ኮሪደር ላይም ቢሆን ማስቀመጥ ይቻላል፡፡

ዋናው ጉዳይ አድራሻው ነው፡፡ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ማንኛውም መሣሪያ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው፤ ይህንንም የሚያድለው አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ነው፡፡ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩም ፕሪንተሩም አንድ ላይ ይነሳሉ፡፡ ርካሽ ራውተሮች ለማን የትኛውን ቁጥር እንደሰጡ ስለሚረሱ ትናንት 192.168.1.5 የነበረው ፕሪንተር ዛሬ 192.168.1.8 ሊሆን ይችላል፡፡ ኮምፒዩተሮቹ ግን የድሮውን ቁጥር እየጠሩ «ኦፍላይን» ይላሉ፡፡ የግብር ማሳወቂያ በሚያጣድፍበት ሰሞን ቶነር የሚቀይሩ፣ ድራይቨር ደጋግመው የሚጭኑ፣ ብሎም ምንም ያልሆነውን ፕሪንተር ለጥገና የሚልኩ ቢሮዎች አጋጥመውኛል፡፡

መድኃኒቱ ቁጥሩን ቋሚ ማድረግ ነው፡፡ በመጀመሪያ ከፕሪንተሩ ሜኑ የኔትወርክ መረጃ የያዘውን ገጽ ያትሙ፡፡ አይፒው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ፕሪንተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነውና ገመዱን ይፈትሹ፡፡ ትክክለኛ ቁጥር ካገኘ፣ በዚያው ገጽ ላይ የሚገኘውን የማክ አድራሻ ራውተሩ ላይ በማስመዝገብ ቁጥሩ ለፕሪንተሩ ብቻ እንዲጠበቅለት ያድርጉ፡፡ የራውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ከሌለ (ይህ እንግዳ ነገር አይደለም) ቁጥሩን በራሱ በፕሪንተሩ ላይ መሙላት ይቻላል፡፡ በዚህ ጊዜ ራውተሩ ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጭ የሆነ ይምረጡ፤ ለምሳሌ ራውተሩ ከ100 እስከ 200 የሚያድል ከሆነ 192.168.1.50 ደኅና ነው፡፡ ሁሉም መሣሪያ በርቶ ሳለ ያ ቁጥር አለመያዙን በፒንግ ትእዛዝ አስቀድሞ ማጣራት አይከፋም፡፡

ቀጥሎ ወደየኮምፒዩተሩ መሄድ ነው፡፡ ዊንዶውስ ፕሪንተሩን ራሱ ፈልጎ ቢያገኘውም ብዙ ጊዜ «ደብሊውኤስዲ» በሚባል ፖርት ያገናኘዋል፤ እኔ እንዳየሁት ይህ ፖርት ያለ በቂ ምክንያት ኦፍላይን መሆን ያበዛል፡፡ ስለዚህ በእጅ መጨመር የሚለውን መርጠው «ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ ፖርት» ይበሉና ያንን ቋሚ ቁጥር ይጻፉ፡፡ ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱ፡፡

ሁሉም ተስተካክሎ ከፊሉ ኮምፒዩተር ብቻ እምቢ ካለ ሁለተኛ ራውተር ይፈልጉ፡፡ ዋይፋይ አልደርስ ሲል ከገበያ ተገዝቶ የተጨመረ ራውተር ገመዱ «ዋን» በሚለው መሰኪያ ከገባ የራሱን የተለየ ኔትወርክ ይፈጥራል፡፡ ፕሪንተሩ ከዚያኛው በኩል ከሆነ በዋናው ራውተር ላይ ያሉት አያገኙትም፡፡ ገመዱን ወደ «ላን» መሰኪያ ማዛወር፣ የሁለተኛውን ራውተር የራሱን አድራሻ ከዋናው እንዳይጋጭ መለወጥና ቁጥር ማደሉን እንዲያቆም ማድረግ ይበቃል፡፡ በእንግዶች ዋይፋይ የገባ ላፕቶፕም በተመሳሳይ ሁኔታ ፕሪንተሩን ላያይ ይችላል፡፡

ዩፒኤስን በተመለከተ፣ ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው በሙቀት በመሆኑ በአንዴ ከፍተኛ ኃይል ይስባል፤ አነስተኛ ዩፒኤስ ላይ አይሰኩት፡፡ ዩፒኤሱን ለራውተሩና ለስዊቹ ይስጧቸው፡፡

ፕሪንተሩ የጋራ ከሆነ ምስጢርም የጋራ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፡፡ የደመወዝ ዝርዝር ትሪው ላይ ተኝቶ አላፊ አግዳሚው ሲያነበው በየቢሮው ያስከተለውን ኩርፊያ አንባቢ አያጣውም፡፡ ፕሪንተርዎ በፒን ቁጥር ማተምን የሚፈቅድ ከሆነ የሒሳብና የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሎች ይጠቀሙበት፤ የማይፈቅድ ከሆነ ለሒሳብ ክፍሉ ትንሽ የራሱን ፕሪንተር መግዛት ከኩርፊያው ይረክሳል፡፡ የፕሪንተሩ መቆጣጠሪያ ገጽም የይለፍ ቃል ይኑረው፡፡ ከቤት ሆኖ ለማተም በሚል ግን ፕሪንተሩን በራውተሩ በኩል ለኢንተርኔት ክፍት አያድርጉ፡፡ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 አንድ ግለሰብ ፖርት 9100ን ክፍት ትተው የተቀመጡ ፕሪንተሮችን ፈልጎ፣ ራሱ እንደተናገረው 50 ሺሕ በሚደርሱት ላይ፣ «ፒውዲፓይ» የተባለውን የዩቲዩብ ሰው ተከተሉ የሚል ወረቀት አሳትሟል፡፡

ሥራው ሲያልቅ የፕሪንተሩን ቋሚ ቁጥርና የራውተሩን የይለፍ ቃል ጽፈው ቁጥሩን ፕሪንተሩ ላይ ይለጥፉ፣ የይለፍ ቃሉን ግን ከድርጅቱ ማኅተም ጋር ይቆልፉበት፡፡